ርዕሰ መምህር ከሆናችሁ ከተማሪ ደብተር ጀምሩ

ርዕሰ መምህር ሆናችሁ አዲስ ትምህርት ቤት ስትገቡ መጀመሪያ የሚቀርብላችሁ ፋይል ነው። ዓመታዊ ዕቅድ፣ ሳምንታዊ ዕቅድ፣ ቃለ ጉባኤ፣ የክፍል ምልከታ ቅጽ። ሁሉም ተሞልቷል፣ ተፈርሟል፣ ማኅተም አርፎበታል። እሱን ለጊዜው መሳቢያ ውስጥ ክተቱትና ወደ አንድ ክፍል ሄዳችሁ የሦስት ልጆች የሒሳብ ደብተር ተዋሱ። የአንድ ጎበዝ፣ የአንድ መካከለኛ፣ የአንድ ደግሞ ትምህርቱ የከበደው ልጅ። የትምህርት ቤቱ እውነተኛ ፋይል እነዚህ ናቸው።

እኔ ይህን የተማርኩት ዘግይቼ ነው። ስጀምር ሥርዓተ ትምህርት መምራት ማለት ዕቅድ በጊዜ ማስገባት ይመስለኝ ነበር። መምህራን ዓርብ ከሰዓት ዕቅዳቸውን ጠረጴዛዬ ላይ ይከምራሉ፣ እኔ እፈርማለሁ፣ ሰኞ ይመለስላቸዋል። የዘገየ አልነበረም። የልጆቹ ውጤት ግን ባለበት ይረግጣል።

አንድ ቀን በአጋጣሚ የአንድ ልጅ ደብተር ከፈትኩ። አንዱ ገጽ ላይ ቀኑ 12 ይላል፣ ቀጣዩ ገጽ 26። ሁለት ሳምንት የት ገባ? ከዚያ በኋላ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ርዕስ ተግተልትሏል። የአንዱ ገጽ ግርጌ ላይ «ይቀጥላል» የሚል ተጽፎ በማስመሪያ ተሰምሮበታል፤ ገጹን ስገልጥ ግን የቀጠለ ነገር የለም፣ ሌላ ምዕራፍ ነው። ከሁሉ ያስደነገጠኝ ደግሞ አንድ መልስ ነው። ልጁ 1/2 ሲደመር 1/3 እኩል ይሆናል 2/5 ብሎ ጽፏል። በላዩ ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ታይቷል» የሚል ፊርማ ተጋድሟል። የዚያን ሳምንት ዕቅድ ላይ ደግሞ የእኔ ፊርማ አለ። ሁለታችንም ፈርመናል፣ ልጁ ግን ክፍልፋይ መደመር አልቻለም።

በእጃችሁ ያለው አንድ ሥርዓተ ትምህርት አይደለም

ቲምስ የተባለውን ዓለም አቀፍ የሒሳብና የሳይንስ ጥናት የሚያካሂዱት ባለሙያዎች ሥርዓተ ትምህርትን በሦስት ከፍለው ያዩታል፦ የታቀደው፣ በክፍል ውስጥ የተሰጠው፣ ተማሪው የጨበጠው። ለኔ ከዚህ በላይ የጠቀመኝ አከፋፈል የለም። የታቀደው መጽሐፉና መርሐ ግብሩ ላይ አለ። የተሰጠው በር ተዘግቶ መምህሩ ያስተማረው ነው። የተጨበጠው ልጁ ወደ ቤት ይዞት የሄደው። የርዕሰ መምህር ሥራ በእነዚህ በሦስቱ መካከል ያለውን ክፍተት ማጥበብ ነው። ሌላው ሁሉ፣ ቢሮውም፣ ቅጹም፣ ስብሰባውም፣ ለዚህ ካልጠቀመ ጊዜ ማባከን ነው።

«እኔ ክፍል ገብቼ አላስተምር፣ ውጤቱን በምን እለውጠዋለሁ?» የሚል አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2004 (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የትምህርት አመራር ተመራማሪው ኬኔት ሌትዉድና ባልደረቦቹ ቀደም ያሉ ጥናቶችን ገምግመው፣ በትምህርት ቤት ውስጥ ካሉት ምክንያቶች በተማሪ ውጤት ላይ ከክፍል ማስተማር ቀጥሎ የሚመጣው አመራር ነው አሉ። ግን አመራር ሁሉ እኩል አይደለም። በ2008 ቪቪያን ሮቢንሰንና ሁለት ባልደረቦቿ ሁለት ዓይነት አመራር አነጻጽረው ነበር። ማስተማርና መማሩ ላይ ያተኮረው አመራር በውጤት ላይ ያለው ተጽዕኖ፣ ራዕይ በመንገርና ሠራተኛ በማነቃቃት ላይ ካተኮረው ከሦስት እስከ አራት እጥፍ ሆኖ አገኙት። ንግግር የሚችል ርዕሰ መምህር ደስ ይላል፣ አልጠላም። ልጆቹን የሚጠቅመው ግን ክፍልፋይ የት ላይ እንደተቋረጠ የሚያውቀው ነው።

ይህ ማለት ሁሉም ነገር በእናንተ እጅ ነው ማለት አይደለም። የቤተሰብ ሁኔታ በውጤት ላይ ትልቅ ድርሻ እንዳለው አሜሪካ ውስጥ ከተካሄደው ከ1966ቱ የኮልማን ጥናት ጀምሮ ሲነገር የኖረ ነው። የልጁን ቤት መቀየር አትችሉም። የጠፉትን ሁለት ሳምንታት ግን ትችላላችሁ።

መጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ቁጠሩ

ይህን ሥራ ማንም አይወደውም፣ እኔም አልወደውም ነበር። ግን ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ አንድ ጊዜ ቁጭ በሉ።

አንድ ትምህርት በሳምንት 4 ክፍለ ጊዜ ቢኖረውና ዓመቱ 36 የትምህርት ሳምንታት ቢሆን 144 ክፍለ ጊዜ ነው። ወረቀት ላይ። አሁን ቀንሱ። ሦስት ሳምንት ፈተና፣ 12 ወጣ። የመክፈቻውና የመዝጊያው ሳምንት፣ ማንም የረባ ነገር የማያስተምርበት፣ 8። በዓላትና የተለያዩ ዝግጅቶች 10 እንበል። መምህሩ የታመመበት፣ ሥልጠና የሄደበት፣ የተሰበሰበበት 6። በጠቅላላው 36 ጠፋ፣ ቀሪው 108። አላበቃም። የ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ ደግሞ ልጆቹ እስኪገቡ፣ ስም እስኪጠራ፣ ሰሌዳ እስኪጠረግ 8 ደቂቃ ቢበላበት 32 ደቂቃ ይቀራል። 108 በ32 አባዙት፤ 3,456 ደቂቃ ይመጣል። የታሰበው ግን 5,760 ነበር። ልክ 60 ከመቶው።

ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፤ የእናንተን አስገቡበት። መጽሐፉ ግን ለ144 ክፍለ ጊዜ ነው የተጻፈው። መምህሩ በ60 ከመቶው ጊዜ መቶውን ጨርስ ሲባል የሚያደርገው የታወቀ ነው። ይሮጣል። ሲሮጥ ደግሞ መጀመሪያ የሚጥለው ልምምዱን ነው፣ ከዚያ የደብተር እርማቱን፣ ከዚያ ደካማውን ልጅ። ጆን ካሮል የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ በ1963 ያለው ነገር ቀላል ነው፦ ልጅ ምን ያህል እንደሚማር የሚወስነው ለመማር የሚያስፈልገው ጊዜና በትክክል ለመማር ያዋለው ጊዜ ሲነጻጸሩ ነው። ቀርፋፋ የምንለው ልጅ ብዙ ጊዜ ጊዜው ያጠረበት ልጅ ነው።

ስለ ጊዜ ካነሳን አይቀር፣ ትልቁ የጊዜ ሌባ ማን እንደሆነ ልንገራችሁ። እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሁሉንም መምህራን ለአጭር ስብሰባ ጠራሁ፤ አጭሩ ስብሰባ ክፍለ ጊዜውን ሙሉ በላ። 14 ክፍሎች ያለ መምህር ተቀመጡ። 14 በ40፣ 560 ደቂቃ፣ ከ9 ሰዓት በላይ ትምህርት። አጀንዳው ምን እንደነበር ዛሬ ትዝ አይለኝም። ከዚያ በኋላ ያወጣኋቸው ደንቦች ሦስት ናቸው። በትምህርት ሰዓት ስብሰባ የለም። በትምህርት ሰዓት ማይክሮፎን የለም። ማስታወቂያ ይዞ ክፍል ለክፍል እየዞረ የሚያስፈርም ተላላኪም የለም፣ በእረፍት ሰዓት ይለጠፋል። ገንዘብ አልጠየቀም፣ ፈቃድም አልጠየቀም።

ከዚያ የማይነካውን ለዩ

ጊዜው ለሁሉም ካልበቃ አንድ ነገር መቅረቱ አይቀርም። ጥያቄው ማን ይወስን ነው። እናንተ ካልወሰናችሁ የሚወስነው የዓመቱ መጨረሻ ነው፤ መጨረሻ ላይ የተደረደሩት ምዕራፎች እንዲሁ ሳይነኩ ይቀራሉ፣ ቢጠቅሙም ባይጠቅሙም። የትምህርት ተመራማሪው ሮበርት ማርዛኖ በ2003 ውጤት ላይ ተጽዕኖ የሚያሳድሩ የትምህርት ቤት ጉዳዮችን ሲደረድር አንደኛ ያስቀመጠው ይህንን ነው፦ የትኛውም ክፍል የገባ ልጅ እንደሚያገኘው የተረጋገጠ፣ ባለው ጊዜም ሊያልቅ የሚችል ሥርዓተ ትምህርት። ሁለቱም አንድ ላይ መኖር አለባቸው። ሊያልቅ የማይችል ሥርዓተ ትምህርት ይዛችሁ ሁሉም ልጅ ያገኘዋል ማለት ራስን ማታለል ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የአንድ ትምህርት መምህራንን ከተከታታይ ክፍሎች፣ ለምሳሌ የ5ኛንና የ6ኛን፣ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጡ። የርዕሶቹን ዝርዝር መሃል ላይ አድርጉ። በእያንዳንዱ ርዕስ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ልጁ ይህን ሳይችል ቢያልፍ የሚቀጥለው ዓመት ምን ይሰበርበታል? ክፍልፋይ ከተሰበረ ንጥጥር ይሰበራል፣ መቶኛ ይሰበራል፣ አልጀብራም ይከተላል። ስለዚህ አይነካም። አንዳንድ ርዕስ ደግሞ ባይጠልቅ ማንም አይጎዳም፤ በ4 ክፍለ ጊዜ ፋንታ 1 ይበቃዋል።

እዚህ ስብሰባ ላይ ጭቅጭቅ መነሳቱ አይቀርም። የላይኛው ክፍል መምህር «ምንም ሳይችሉ ነው የሚመጡልኝ» ይላል፣ የታችኛው «እኛ አስተምረናል» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው! አንዱ የሚያወራው ስለተሰጠው ነው፣ ሌላው ስለተጨበጠው። ዳኛ አትሁኑ። ደብተር አምጡና መሃላቸው ዘርጉት።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ከላይ የወጣ ሥርዓተ ትምህርትን እናንተ ሰርዛችሁ አትጥሉም፣ ሥልጣኑም የላችሁም። የምታደርጉት ጊዜ ማደላደል ነው።

ያደላደላችሁትን የቀን መቁጠሪያ ላይ አውርዱት። በየስድስት ሳምንቱ አንድ ባዶ ሳምንት ተዉ። መምህራን መጀመሪያ «ባዶ» ሲባል ይደነግጣሉ። ባዶው ግን ለተጓተተው ማካካሻና ላልገባቸው ልጆች መድገሚያ ነው፣ ደግሞም ሁሌ ይሞላል። ከዚያ የአንድ ክፍል ደረጃ ሁለት ምድቦች ከአንድ ሳምንት በላይ እንዳይራራቁ ተከታተሉ። 6ኛ ሀ ምዕራፍ አምስት ላይ፣ 6ኛ ለ ምዕራፍ ሦስት ላይ ከሆኑ ልጆቹ የሚማሩት ትምህርት በዕጣ እየተወሰነ ነው ማለት ነው።

ክፍል ግቡ፣ ግን ዞር ዞር ብሎ መውጣት አይደለም

ይህን ክፍል በተለይ ልብ በሉልኝ። በ2013 ጄሰን ግሪሶምና ሁለት ባልደረቦቹ አሜሪካ ውስጥ፣ ማያሚ ዴድ በሚባለው የትምህርት አስተዳደር፣ ርዕሳነ መምህራን ሰዓታቸውን በምን እንደሚያሳልፉ ተከታትለው ያገኙትን አወጡ። መምህራንን በማሠልጠንና በማብቃት፣ እንዲሁም የትምህርቱን ፕሮግራም በማሻሻል ላይ የዋለ ጊዜ ከተሻለ የተማሪ ውጤት ጋር ተያይዞ ተገኘ። ክፍል ለክፍል ብቅ እያሉ መዞር ግን፣ ሁላችንም «ክትትል» ብለን የምንኮራበት፣ በተቃራኒው ከዝቅተኛ ውጤት ጋር ተያያዘ፤ በተለይ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ላይ። ጥፋቱ የእግሩ አይደለም። ዞሮ አይቶ ምንም ሳይባባሉ መለያየቱ ነው።

ስለዚህ በቀን አሥር ክፍል ከማየት በሳምንት ሦስት ክፍል ሙሉ ክፍለ ጊዜ እዩ። ከኋላ ጥግ ተቀምጣችሁ ቅጽ አትሙሉ። ከሚቸገረው ልጅ አጠገብ ተቀመጡ። ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ «ዛሬ ምን እየተማርክ ነው?» በሉት። «ሒሳብ» ካለ መልስ አልሰጠም። «ክፍልፋዮችን ለመደመር ታቹን አንድ ዓይነት ማድረግ» ካለ መምህሩ ሥራውን ሠርቷል። ከዚያ መምህሩ ሲጠይቅ እነማን እንደሚመልሱ ቁጠሩ። ብዙ ጊዜ 4 ወይም 5 ልጆች ናቸው ክፍሉን ተሸክመው የሚሄዱት፤ ቀሪዎቹ «ገባችሁ?» ሲባል በአንድ ድምፅ «አዎ» የሚሉ ናቸው። ይህ «አዎ» ምዘና አይደለም።

በዚያው ቀን፣ ቢዘገይ በማግሥቱ፣ መምህሩን አግኙት። ቢሮ አትጥሩት። ቢሮ ከተጠራ ከመጀመሪያው መከላከል ይጀምራል። እሱ ባለበት ሂዱና ያያችሁትን አንድ ነገር ብቻ አንሱ። እንዲህ ዓይነት ነገር፦

«መምህር፣ ያቺ የመጀመሪያዋ ምሳሌ ግሩም ነበረች፣ እኔም ገባኝ።» (ካልነበረች አትበሉ፣ ውሸት ይታወቃል።) «አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ከኋላ ያሉት ልጆች ታቹንም ላዩንም ሲደምሩ አየሁ። ነገ ከየት ቢጀምሩላቸው ይሻላል ይላሉ?»

«እኔም ጠርጥሬ ነበር፣ ሰዓቱ አልበቃኝም እንጂ። አንድ ኬክ ሥዬ ባሳያቸውስ?»

«ይሞክሩት። ሐሙስ መጥቼ አብሬ አያለሁ።»

ሐሙስ ካላችሁ ሐሙስ ሂዱ። የቀራችሁ ቀን ሁሉም ነገር ወደ ቅጽ ይመለሳል።

«እኔ የታሪክ መምህር ነበርኩ፣ ፊዚክስ ምን አውቄ ነው?» የምትሉ ካላችሁ፣ ማወቅ አይጠበቅባችሁም። የትምህርት ክፍል ኃላፊውን ይዛችሁ ግቡ። እሱ ይዘቱን ይይ፣ እናንተ ልጆቹን እዩ።

ፈተናውን ከማርክ ባሻገር አንብቡት

ፈተና ከመሰጠቱ በፊት አንድ ነገር አስደርጉ፤ እያንዳንዱ ጥያቄ ከየትኛው ርዕስ እንደወጣ መምህሩ ጎኑ ላይ ይጻፍ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። 5 ክፍለ ጊዜ የፈጀ ርዕስ አንድ ጥያቄ ብቻ ካለው፣ ያልተማሩት ደግሞ አራት ካለው ወዲያው ይታያል። የአንድ ክፍል ደረጃ ምድቦች በተቻለ መጠን አንድ ዓይነት ፈተና ይውሰዱ፤ አለበለዚያ የ«ሀ» 80 እና የ«ለ» 60 አይነጻጸሩም።

ከፈተናው በኋላ አማካይ ውጤት ተሰልቶ ሪፖርት ይላካል፣ በቃ። አማካይ ግን ይሸፍናል። ይልቅ ጥያቄ በጥያቄ እዩት። ከ40 ልጆች 31ዱ ተመሳሳይ የተሳሳተ መልስ ከመረጡ ልጆቹ አላጠኑም ማለት አይቻልም። 31 ልጅ ተስማምቶ አይሳሳትም። ወይ ጥያቄው ተበላሽቷል፣ ወይ ትምህርቱ አልደረሰም፣ ወይ ሁሉም አንድ የተሳሳተ መንገድ ይዘዋል፤ እንደዚያ 2/5 ማለት ነው። ያ ባዶ ሳምንት እዚህ ላይ ይጠቅማል። ግን ሲደገም በዚያው ቃል፣ ድምፅ ብቻ ከፍ አድርጎ እንዳይሆን።

ፖል ብላክና ዲላን ዊልያም በ1998 ወደ 250 የሚጠጉ ጽሑፎችን ገምግመው፣ የምዘና ውጤት ማስተማሩን ለማስተካከል ሲውል ውጤት እንደሚጨምር፣ ከሌላው ይበልጥ ደግሞ ዝቅተኛ ውጤት ያላቸውን ልጆች እንደሚጠቅም ጽፈዋል። ተከታታይ ምዘና የሚባለው ይህ ነበር። ብዙ ቦታ ግን ተከታታይ ማርክ መሰብሰብ ሆኗል፦ አምስት ከአምስት፣ አሥር ከአሥር፣ ይመዘገባል፣ ይደመራል፣ ማንም አያየውም። ምዘናው በማግሥቱ ማስተማሩን ካልቀየረ ቁጥሩን ቀንሱት። መምህሩም ይተነፍሳል።

የራሳችሁስ ሰዓት?

ደብዳቤ አለ፣ ወላጅ አለ፣ የውሃ ቧንቧ ይፈነዳል፣ ሁለት ልጆች ይደባደባሉ። ለዚህ ሁሉ እናንተ ከሮጣችሁ ክፍል አትገቡም። በቀን ሁለት ሰዓት፣ ለምሳሌ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ፣ ቢሮ እንደማትገኙ ለጸሐፊውም ለወላጅም አሳውቁ። መጀመሪያ ሰሞን ያጉረመርማሉ። ከዚያ ይለምዱታል። ዕቅድ መፈረሙን ለትምህርት ክፍል ኃላፊዎች ስጡት፤ እናንተ በወር አንድ ጊዜ ዕቅዱን ከደብተር ጋር አስተያዩ።

ያልተባበረ መምህር ያጋጥማችኋል። አንዳንዱ ለዓመታት ማንም ክፍሉ ገብቶበት አያውቅም፣ ስለዚህ ስለላ ይመስለዋል። አይፈረድበትም፣ እስከዛሬ ምልከታ የመጣው ነጥብ ለመስጠት ብቻ ነበር። መጀመሪያ እናንተ አንድ ክፍለ ጊዜ አስተምሩና እሱ ይመልከታችሁ። እኔ አድርጌዋለሁ፣ ላቤ ጠብ እስኪል። ሰዓቱ አለቀብኝ፣ ልምምዱን ሳላሠራ ወጣሁ። መምህሩ ሳቀና «እንኳን ደህና መጡ» አለኝ። ከዚያ በኋላ በሩን ዘግቶብኝ አያውቅም።

ውጤት በአንድ መንፈቅ አትጠብቁ። ለውጡ የውጤት ሰንጠረዥ ላይ ከመድረሱ በፊት ሌላ ቦታ ይታያል። ስምንት ሳምንት ስጡትና እነዚያን የመጀመሪያዎቹን ሦስት ልጆች ፈልጉ፣ ደብተራቸውን ተዋሱ። ከሦስተኛው፣ ትምህርቱ ከከበደው ልጅ ጀምሩ። ቀኖቹ ተከታትለው እንደሆነ እዩ። ቀዩ እስክሪብቶ «ታይቷል» ከማለት አልፎ ስህተቱን ነክቶት እንደሆነ እዩ። ከዚያ «ይቀጥላል» የሚል ካገኛችሁ ገጹን ግለጡ።